ከካራ ቆሬ እስከ ጠፈር፦ የምርምር ገንዘብ ማመልከቻ በኢትዮጵያ ያለፈበት መንገድ

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በካራ ቆሬና በአካባቢዋ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። በወሩ መጨረሻ የደረሰው ከሁሉ የበረታው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ፈጽሞ አፈረሰ። በካራ ቆሬ ከነበሩት ቤቶች ከመቶው 45ቱ ወደቁ። ከካራ ቆሬ በስተሰሜን፣ ማለትም ወደ ከሚሴ በሚያመራው በኩል፣ 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በመሬት መንሸራተትና መሰንጠቅ ተበላሸ። 5,000 ያህል ሰዎችም መጠለያ አጡ። አደጋው የደረሰበት ሥፍራ ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሚያ ዞን ከሚባለው ግዛት ጋር የሚዋሰንና በተፈጥሮም ከእርሱ የማይለይ፣ የወሎና የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወርድበት የተሰባበረ ጠርዝ ነው።

ይህ መከራ በሕዝብ ትዝታ ብቻ ሳይቀር በልኬት ተመዝግቦ ለጥናት የበቃው በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ጥቂት መሣሪያዎች ስለነበሩ ነው። ነገር ግን የእነዚያ መሣሪያዎች ቤት የተሠራው ለወሎ መሬት መንቀጥቀጥ ታስቦ አልነበረም። መነሻው ሰማይ ነበር። የምርምር ገንዘብ የሚጠየቀው አንድ ነገር ለማወቅ ሲሆን፣ በመጨረሻ የሚገኘው ጥቅም ግን ሌላ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አይገኝም። ስለዚህም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለጠፈር ጥናት የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ የሚያዘጋጁ ምሁራንም ሆኑ፣ እነርሱን የሚያፈሩት መምህራን ታሪኩን ከሥሩ ቢመለከቱት ይጠቅማል።

ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ የተሰየመው ዘመን ከሰኔ ማብቂያ 1949 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. የዘለቀ ሲሆን፣ 67 አገሮች ተሳትፈውበታል። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከችው በዚሁ ዘመን ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና ለጋ ተቋም ነበር፤ ለምርምር የሚመድበው ሀብትም ሆነ የታወቀ ስም አልነበረውም። የነበረው ሀብት ሥፍራው ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። በዚህ ወገብ ላይ ከምድር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ይህን ጅረት ለመለካት የሚሻ ሳይንቲስት መሣሪያውን የሚተክልበት አገር እንደ ልቡ አይመርጥም፤ ወገቡ ወደሚያልፍበት መሄድ አለበት። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በፒየር ጉዋን መሪነት የተቋቋመው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው። ከማግኔት ልኬቱም ቀጥሎ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ተተከለ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ማመልከቻ ጭብጥ «እኛ ድሆች ነንና እርዱን» የሚል አልነበረም። «እናንተ የምትፈልጉት ነገር የሚለካው እዚህ ነው» የሚል ነበር። የሁለቱ አነጋገሮች ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ማመልከቻዎች የሚወድቁት በመጀመሪያው አነጋገር ስለሚጀምሩ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ገንዘብ ከሳይንስ ይልቅ የጦር መሣሪያ ፖለቲካ የወለደው ነበር። ዩናይትድ ስቴትስ በምድር ውስጥ የሚደረግ የኑክሊየር ሙከራን ከመሬት መንቀጥቀጥ ለይታ ለማወቅ ስትል አንድ ዓይነት መሣሪያ ያላቸውን ከመቶ በላይ ጣቢያዎች በመላው ዓለም አቋቋመች፤ የአዲስ አበባው ጣቢያ አንዱ ሆነ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ስድስት መለኪያዎች ነበሩ። የምድር እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በብርሃን ጨረር ይጻፋል፤ ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጣል፣ በጨለማ ክፍል ይታጠባል፣ ሰዓቱና ቀኑ ይመዘገብበታል። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተልኮ በማይክሮፊልም ይነሣና ዋናው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። መሣሪያውን የሰጠው ወገን ዓላማ አንድ፣ የተቀበለው ወገን ዓላማ ሌላ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱም ከአንዱ ወረቀት ላይ የየራሳቸውን ያነቡ ነበር። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር ሰርዶ የተባለችው መንደር ስትፈርስ ይኸው መዝገብ ሥራ ላይ ዋለ። ፒየር ጉዋንም የካራ ቆሬንና የሰርዶን መንቀጥቀጦች እምብርት እንደገና ፈልገው ያገኙበትን ጥናት በኦብዘርቫቶሪው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተሙ።

ወረቀቱን በየዕለቱ የሚለውጠው ሠራተኛ በማንኛውም የጥናት ውጤት ላይ ስሙ አይገኝም። ይሁን እንጂ በማመልከቻ ቋንቋ ሲታይ የተቋሙ ዋና ካፒታል እርሱ ነበር። ገንዘብ ሰጪው ወገን መሣሪያ ይሰጣል፣ ባለሙያ ያሠለጥናል፤ ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰው ግን ሊልክ አይችልም። ቤት፣ መብራት፣ ጥበቃና በየቀኑ የሚገኝ ሰው ከአስተናጋጁ አገር የሚጠበቁ ናቸው። ለዚህም ነው አንድ ዓመት ሙሉ ያልተቋረጠ መዝገብ ያለው ጣቢያ ከአምስት ዓመት የተቆራረጠ መዝገብ ካለው ይልቅ ተፈላጊ የሚሆነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የስሚዝሶኒያን አስትሮፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ሳተላይቶችን በፎቶግራፍ የሚከታተልበትን ቤከር ነን የተባለ ግዙፍ ካሜራ በደብረ ዘይት ተከለ። ከሳተላይቶች ጉዞ መዛባት የምድር ቅርጽና የስበቷ ልዩነት ይሰላ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩትና የኢትዮጵያን ሥነ ምድር በሰፊው የጻፉት ፖል ሞርም በኋላ ወደዚሁ ኦብዘርቫቶሪ ተሻግረው እየተመላለሱ፣ በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ በተተከሉ የሲሚንቶ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በብርሃን ጨረር ለኩ። የሸለቆው ሁለት ዳርቻዎች ይራራቃሉ ወይ? በምን ያህል ፍጥነት? ጥያቄው ይህ ነበር። በጥቂት ዓመት ልኬት የሚመለስ አልነበረም። ምልክቶቹ በቦታቸው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሳተላይት አማካይነት ቦታን በሚወስነው በጂፒኤስ እንደገና ሲለኩ፣ ሸለቆው በዓመት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚሰፋ ታወቀ። በእ.ኤ.አ. 1999 በወጣው በዚህ ጥናት ላይ የፖል ሞርና፣ ኦብዘርቫቶሪውን ከፒየር ጉዋን በኋላ ለረጅም ጊዜ የመሩት የዶክተር ላዕከ ማርያም አስፋው ስሞች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ሲጠየቅ ጂፒኤስ አልነበረም። በሲሚንቶ ላይ የተቸነከረች አንዲት ምልክት ግን ሠላሳ ዓመት ጠብቃ ለሁለተኛ ማመልከቻ መነሻ ሆነች።

ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. የምድር ሀብትን ለመመልከት የተሠራችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ሳተላይት፣ ኋላ ላንድሳት 1 የተባለችው፣ ወደ ጠፈር ተላከች። ከ900 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ፣ በአንድ ምስል 185 ኪሎ ሜትር ስፋት ታነሣ ነበር። የአሜሪካ የጠፈር ባለሥልጣን የሆነው ናሳ ሳተላይቷ ሳትነሣ ገና ለዓለም ሳይንቲስቶች ጥሪ አቅርቦ ማመልከቻዎችን ተቀብሎ ነበር፤ ፖል ሞር የአፍሪካን ስምጥ ሸለቆዎች ዐበይት ስንጥቆች በካርታ ለማንሣት ያቀረቡት ጥያቄም ከተፈቀዱት አንዱ ሆኖ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ። በካራ ቆሬ፣ በከሚሴና በባቲ በኩል የሚወርደው የደጋው ጠርዝ ከጠፈር የተነበበው በዚህ ሁኔታ ነው። ጥያቄውን የጻፈው ኢትዮጵያን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ማመልከቻው የወጣው ግን ከማሳቹሴትስ ነበር።

እስከዚህ ድረስ በተነገረው ሁሉ የኢትዮጵያ ምድርና ሰማይ ለሌሎች ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ታይተዋል። ጥያቄው ከአገሪቱ ችግር የመነጨበት ሥራ ከተፈለገ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ፒየር ጉዋን ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው። የካናዳ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቋቋመው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል መጽሐፉን በ1979 በኦታዋ አሳተመው። ጉዋን በዚህ ሥራ የመሣሪያ መዝገብን ብቻ አልተከተሉም። ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻ፣ የመንግሥት ደብዳቤዎችን፣ የዓይን ምስክሮችን ቃል ሰበሰቡ፤ በ1835 ዓ.ም. አንኮበርን የመታው መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት ከካራ ቆሬው ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የተገኘው ፍሬ ቤትና ድልድይ በየትኛው አካባቢ ምን ያህል ጠንክሮ መሠራት እንዳለበት ለሚወስነው ደንብ መሠረት ሆነ። በዚህ ማመልከቻ ውስጥ ማጀቴ የምርምር ናሙና ብቻ አልነበረችም፤ ዳግመኛ እንዳትፈርስ የሚታሰብላት ከተማ ነበረች።

በአገር ውስጥ የምርምር ገንዘብ የሚያስተባብር አካል፣ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን፣ በ1968 ዓ.ም. ተቋቋመ። የስዊድን መንግሥት የምርምር ትብብር ድርጅትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርዳት ጀመረ። የኡፕሳላው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም በበኩሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናትን ደገፈ።

የ1977ቱ ድርቅና ረሀብ ወሎን ሲፈጅ የጠፈር ሥራ በሌላ መልክ ወደዚህች ምድር መጣ። የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት በኢትዮጵያና በሱዳን ከደረሰው እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ስለ ረሀብ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አቋቋመ፤ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች የዕፅዋትን ልምላሜ የሚያሳዩበትን መለኪያም ከዋነኛ መሣሪያዎቹ አንዱ አደረገው። ይሁንና ከጠፈር አረንጓዴ የሚታይ ሁሉ እህል አይደለም። በጨፋ ረግረግ የበቀለ ደንገልና በማሳ ላይ ያለ ማሽላ በዚያን ጊዜው ምስል ላይ እምብዛም አይለዩም ነበር። ልዩነቱን የሚያውቀው በሥፍራው ያለ ሰው ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ በተባለው ሥፍራ የደረሰው ክስተት ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ሌላ ነገር ያስተምራል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ ዐለት ተሞላ፤ ምድሪቱም እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተች። ኤንቪሳት የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በራዳር ያነሣቻቸው፣ ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያሉ ምስሎች ተነጻጽረው ልኩ ታወቀ። የእንግሊዝ የተፈጥሮ አካባቢ ምርምር ምክር ቤት ለእንዲህ ያለው ድንገተኛ ነገር የሚሰጠው አስቸኳይ ገንዘብ አለው፤ ማመልከቻው አጭር ነው፣ ውሳኔውም ፈጣን ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ገንዘቡን የሚያገኘው ተዘጋጅቶ የቆየ ሰው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ በዓመቱ በታተመው ጥናት ላይ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ስማቸው የሰፈረው አካባቢውን የሚያውቅ፣ ጣቢያ ያለው፣ ወደ በረሃው ለመድረስ የሚችል ተቋም ቀድሞ ስለነበረ ነው። ከዚያም ለበርካታ ዓመታት የዘለቀ ሰፊ የምርምር ኅብረት ተመሠረተ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር በተንቀጠቀጠችና በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው በተነሡ ጊዜም የራዳር ሳተላይቶች ምስል በየጊዜው ይነበብ ነበር።

ወደ ሰማዩ ጥናት ስንመለስ፣ የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት 50ኛ መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲከበር አዲስ የትብብር ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት፣ መሣሪያ ያለው ወገን መሣሪያውን ይሰጣል፤ አስተናጋጁ ቦታ፣ መብራትና ሰው ያቀርባል፤ መረጃው የጋራ ይሆናል። በዚህ መንፈስ ከተዘረጉት የማግኔት መለኪያ ጣቢያዎች መካከል ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት እንዳወቀ ይዘንጋው በአሜሪካ ቦስተን ኮሌጅ ሆነው የመሩት፣ አምበር የተባለው መረብ ይገኛል፤ ገንዘቡ ከናሳና ከአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ቢሮ የተገኘ ነበር። አንዱ ጣቢያ በአዲግራት ተተከለ። ለምን አዲግራት? በመግነጢሳዊ ወገብ ላይ ያለ መሣሪያ የወገቡን ጅረትና ከሩቅ ጠፈር የሚመጣውን ለውጥ ደባልቆ ይመዘግባል። ከወገቡ ራቅ ያለው መሣሪያ የሚመዘግበው ሁለተኛውን ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የወገቡ ጅረት ብቻውን ይቀራል። አዲግራት ራቅ ያለው ጣቢያ ሲሆን፣ ጥንዱ ደግሞ ያ የ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጣቢያ ነው። ግማሹ ቀድሞ ስለነበረ የተጠየቀው ገንዘብ ለግማሹ ብቻ ሆነ። ገንዘብ ሰጪዎቹም ጥቅማቸውን ያውቁታል፤ በወገብ ላይ የሚነሣው ሁከት የሳተላይት የሬዲዮ መልእክትንና ጂፒኤስን ያውካል። ከዚህም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012፣ የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ዩኒየን ስለ ጠፈር የአየር ጠባይ ያዘጋጀው የቻፕማን ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ።

ስለ ሳተላይት ባለቤትነት ብዙ ተነግሯል፤ እዚህ ባጭሩ ይታለፋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ተነሣች። ከ8 ሚሊዮን ዶላር ወጪ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ነበረች። ይህ በመንግሥታት ስምምነት የተገኘ ስጦታ እንጂ በውድድር የተገኘ የምርምር ገንዘብ አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት በእቅድ አውጪዎች ዘንድ አልፎ አልፎ ይታያል። ስጦታ መሣሪያ ያስገኛል። የምርምር ገንዘብ የሚያስገኘው ግን ጥያቄ ነው።

ማመልከቻው ራሱ ምን እንደሚመስል ለማያውቁ መምህራን ጥቂት ማለት ያሻል። የሚመረምሩት ሰዎች በሙያው የታወቁ፣ አመልካቹን ግን አይተውት የማያውቁ ናቸው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚፈልጉት እስከ ዛሬ ያልታወቀው ነገር ምን እንደሆነ፣ ለምን ሊታወቅ እንደሚገባውና ለምን እዚህ ቦታ ላይ ሊጠና እንደሚገባው ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ምን እንደሠሩ፣ በምን ዘዴ እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ገንዘቡ በየዓመቱ በምን ላይ እንደሚውል ይጻፋል፤ የዩኒቨርሲቲው ፊርማም ይታከልበታል። በእኛ ዘንድ የተለመደው ስሕተት ከበጀቱ መጀመር ነው፤ ኮምፒዩተርና መኪና ተዘርዝሮ ካለቀ በኋላ ጥያቄ ይፈለግለታል። ተማሪው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተሰጠውን ጥያቄ መመለስ እንጂ ጥያቄ ማቅረብ ስላልተማረ፣ በዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ ዘመን ይህ ቢያስቸግረው አያስደንቅም። ጉድለቱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ትክክል አይደለም።

ይህ ሁሉ በከሚሴ ምን ትርጉም አለው? ቀድሞ ለአንድ የሳተላይት ምስል ይከፈል የነበረው ገንዘብ ዛሬ አያስፈልግም። የላንድሳት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጻ ተከፍቷል፤ ሴንቲኔል የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስልም እንዲሁ በነጻ ይገኛል። በደሴና በኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከላንድሳት መነሻ ዘመን አንሥቶ ያለውን ምስል ጠረጴዛው ላይ ሊያነብ ይችላል። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ የሚተኛበት የጨፋ ረግረግ፣ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብት የሚሰማራበት ይህ ሥፍራ፣ በየዓመቱ ምን ያህል ይሰፋል፣ ምን ያህልስ ይጠባል? የሚታረሰው መሬት ከረግረጉ ላይ ምን ያህል ወሰደ? የግጦሽና የእርሻ ክርክር ባለበት አገር ይህ የሰዎች መተዳደሪያ ጥያቄ ነው፤ ለጠፈር ምርምር ማመልከቻም የሚመጥን ነው።

ገምጋሚው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ከጠፈር የታየው ውሃ በእርግጥ ውሃ መሆኑን በምን አረጋገጣችሁ?» የሚል ይሆናል። መልሱ በትምህርት ቤቶች ደጃፍ ይገኛል። በዳዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲና በጅሌ ጥሙጋ ወረዳዎች ያሉ ትምህርት ቤቶች ረግረጉንና ወንዙን በቅርብ ያዩታል። በግቢ ውስጥ የተተከለ የዝናብ መለኪያ፣ በድልድይ ምሰሶ ላይ በቀለም የተሠመረ የውሃ ከፍታ ምልክት፣ መምህሩና ተማሪዎቹ በየጧቱ በሦስት ሰዓት የሚሞሉት ደብተር ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ልጆቹ ከአባቶቻቸው ጠይቀው የሚያመጡት፣ ውሃው በየትኛው ዓመት እስከ የት እንደደረሰ የሚናገረው ቃልም በተነገረበት ቋንቋ ሊመዘገብ ይችላል፤ ጉዋን የማጀቴንና የሌሎችን ታሪክ የሰበሰቡት ከእንዲህ ያለው ምንጭ ጭምር ነው።

የሴንቲኔል የብርሃን ምስል በአንድ ሥፍራ ላይ በየአምስት ቀኑ ያህል ይነሣል። ቦርከና ሞልቶ ሜዳውን በሚያለብስበት በሐምሌና በነሐሴ ግን ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ በደመና የተሸፈነ ነው። የራዳሩ ምስል ደመናውን ያልፋል፤ ሆኖም በውሃ ውስጥ የቆመ ሣርና ደረቅ መሬት ላይ ያለ ሣር በራዳር ሲታዩ ያሳስታሉ። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ውሃው የት እንደደረሰ በቀንና በሰዓት የሚያስረዳው በድልድዩ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ደብተር ነው።